ሁለት ቀይ ቁልፎች

ዴልፋ ሳይዝሞር መርፌውን በሰማያዊው የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ አሳልፋ ክሩን ሳብ አደረገችና፣ መስኮቱ ላይ ወደተቀመጠው ራዲዮ ጆሮዋን መለሰች። ወንድ ነው የሚዘፍነው። ከሱ ቀጥሎ የመጣውም ወንድ ነው። ከጣሳው ሌላ ሰማያዊ ቁልፍ አወጣች።

ራዲዮው ሁለት ሴት አስከትሎ አያጫውትም ብትል ሦስት ሳምንት ሙሉ ያመናት ሰው የለም። ለፓስተሩ ነገረችው፤ ፈገግ ብሎ እንደታመመ ፈረስ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ለጎረቤቷ ነገረቻት፤ "ዕድሜ ነው ዴልፋ፣ እኔንም አንዳንዴ እንዲህ ያደርገኛል" አለቻት። ራዲዮ ጣቢያው ድረስ ደወለች፤ ስልኩን ያነሳችው ልጅ "እሺ እማማ፣ አስተላልፋለሁ" ብላ ዘጋችው፣ ምን እንደምታስተላልፍ እንኳ ሳትጠይቅ። አራተኛ ክፍልን ያልጨረሰች ሴት መቁጠርም የማትችል ይመስላቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት በሸሚዝ ፋብሪካ ቁልፍ ስትተክል ኖራለች፤ ደረቱ ላይ ሰባት፣ እጅጌው ላይ ሁለት፣ አንድ ቢጎድል ሸሚዙ ተመልሶ ፊቷ ላይ ይወረወራል። ፋብሪካው ተዘግቶ ማሽኑ ወደ ሌላ አገር ሲጫን ሌላው ሰራተኛ ወንበርና ማራገቢያ ተሸክሞ ወጣ። ዴልፋ ሁለት ጣሳ ሙሉ ቁልፍ ይዛ ወጣች። ያኔም ሳቁባት።

"ዛሬም?" አለች የልጅ ልጇ ኬንድራ፣ ፀጉሯን እያበጠረች ከመኝታ ክፍሏ ስትወጣ።

"ዛሬም።"

"እማማ፣ ሰው ቢያይሽ ምን ይላል?"

"ቁልፍ ትሰካለች ይላል። ውሸት አይሆንበትም።"

ከሰኞ ጀምራ፣ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት፣ የከተማቸው የሎረል ጋፕ ራዲዮ የሚያጫውተውን ካንትሪ የሚባል የአሜሪካ ገጠር ዘፈን ሁሉ በክር ላይ ታስቀምጣለች። ወንድ ሲዘፍን ሰማያዊ፤ ሴት ስትዘፍን ቀይ፤ ወንድና ሴት አብረው ከዘፈኑ ቡናማ። የሰኞው፣ የማክሰኞውና የረቡዑ ክር ግድግዳው ላይ፣ በክር ተሰክቶ ለክረምት ከሚደርቀው ፎሶሊያ ጎን ተንጠልጥለዋል። ወረቀት ላይ ብትጽፈው ኖሮ የጻፈችውን ራሷም በወጉ አታነበውም ነበር። ክሩን ግን ዓይኗን ጨፍና ታነበዋለች።

ማክሰኞ ዕለት አንዴ ልቧ ደንግጦ ነበር። ሁለት ቀይ ቁልፎች ተከታትለው ገቡ። ጥርጣሬዋ ሁሉ ከንቱ ሊሆን ነው ብላ መርፌውን አስቀመጠች። ማታ ክሩን ለኬንድራ እያሳየች ሁለተኛዋን ዘፋኝ ስታንጎራጉርላት፣ ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች።

"እማማ፣ እሱኮ ወንድ ነው።"

"ይሄ ድምፅ?"

"ወንድ ነው። ጢም አለው። በአፍንጫው ነው የሚዘፍነው።"

ዴልፋ አባቷም ወንድሞቿም እንዲያ በቀጭኑ ሲዘፍኑ እየሰማች ያደገች ሴት ናት፤ እንዴት እንደተሸወደች አልገባትም። አንዲት ሴት ልትጨምር ተመኝታ ይሆናል። ክሩን በጥርሷ ቆርጣ ቀዩን አወጣችና ሰማያዊ ተካችበት። ሁለት ቀይ የተነካኩበት ቦታ አልቀረም።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ኬንድራ ናት። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በአንድ የቅናሽ ዕቃ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ትሰራለች፣ ከአስራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ደግሞ ዘፈን ትጽፋለች። የድንጋይ ከሰል መኪና ስለምትነዳ ሴት የጻፈችውን አንዱን ዘፈን ቀረጸችው። ዘፈን ለራዲዮ ጣቢያዎች የሚያዞር፣ ከካንትሪ መናገሻዋ ከናሽቪል አንድ ሰውዬ ሰምቶ ወደደው። ነገር ግን ቁርጡን ነገራት፤ "የሀገርሽ ጣቢያ በቀን ካላጫወተሽ እኔ ሌላውን ጣቢያ ምን ብዬ እለምናለሁ? እስከ ዓርብ ልጠብቅ።" ሎረል ጋፕ እስካሁን ያጫወታት አንዴ ብቻ ነው፤ ንጋት ሳይደርስ፣ በከብት ገበያ ዋጋና በጸሎቱ መሃል። ዛሬ ሐሙስ ነው።

የጠዋቱን ዘፈን የምትመርጠው ደግሞ ኢሞጂን ስቴሲ ናት። ዴልፋ ይህን ስም ጮክ ብላ ካልጠራችው ሃምሳ ስድስት ዓመት ሆኗታል።

ራዲዮው ላይ የሴት ድምፅ ወጣ። ዴልፋ ቀይ ቁልፍ አነሳች። ኬንድራ ማበጠሪያውን ፀጉሯ ውስጥ እንደሰካች ቆመች።

"ይቺውልሽ" አለች። "ሌከን። ከወንዙ ማዶ ያለችው። ዘፈኗን ከእኔ እኩል ነው ያወጣችው፣ በቀን ሦስቴ ያጫውቷታል።"

"የማን ልጅ ናት?"

"አጎቷ መኪና ይሸጣል። ማስታወቂያው እዚያው ጣቢያ ነው የሚወጣው። በቃ፣ ገብቶሻል። ቦታዬን ወሰደችብኝ።"

"ገብቶኛል" አለች ዴልፋ።

በእርግጥም የገባት መስሏት ነበር። አጎት፣ መኪና፣ ማስታወቂያ፣ ኢሞጂን፤ ሁሉም አንድ ክር ላይ ተሰካክቶ ታያት። "ቦታዬን ወሰደችብኝ" የሚለው አነጋገር ግን ጆሮዋ ላይ ቀረ። የት እንደሰማችው ስታስብ መርፌው አውራ ጣቷን ወጋት።

"እማማ" አለች ኬንድራ፣ የሱቁን ቀይ ሰደርያ እየለበሰች፣ "ዛሬ ስሜን ይዘሽ እዚያ ጣቢያ እንዳትሄጂ። ለምና አስገባቻት እንዳይሉኝ።"

"ለምኜ አውቃለሁ?"

"አታውቂም። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።"

የልጅቷ መኪና ከቁልቁለቱ እንደጠፋ ዴልፋ አራቱንም ክሮች፣ የዛሬውን ግማሽ ጨምራ፣ በትራስ ልብስ ውስጥ ከተተች። ጥቂት ትርፍ ቁልፎችና መርፌዋን የካፖርቷ ኪስ ውስጥ አደረገች። አሮጌው ፒክአፕ መቀመጫ ላይ ትራስ ደራርባ ወጣችና መሪውን ጨበጠች። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ሄደች። ያቺን የመኪና ሻጭ ዘመድ አውጪና የእኔን ልጅ አስገቢ። አለበለዚያ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ክሩን እዘረጋዋለሁ። ይሄው ነበር የሚባለው።

ጣቢያው ከጎማ ቤቱ ጀርባ ያለ ዝቅ ያለ የጡብ ቤት ነው። በር ላይ የተቀመጠችው ልጅ፣ ያቺው ስልክ የምታነሳው፣ ከስልኳ ቀና አለች።

"ቀጠሮ አለዎት?"

"ከሃምሳ ስድስት ዓመት በፊት ነበረኝ" አለች ዴልፋና አልፋት ገባች።

በስርጭቱ ክፍል በር ላይ ማይክሮፎን ሲከፈት የሚበራው ቀይ መብራት በርቷል። ዴልፋ መብራቱ ምን ማለት እንደሆነ ስለምታውቅ ቆመች። በመስታወቱ ውስጥ ኢሞጂን ትታያለች፤ ነጭ ፀጉሯን ከፍ አድርጋ ከምራ፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ የዕለቱን የቀብር ማስታወቂያ ታነባለች። ድምጿ አላረጀም። ዴልፋን ያናደዳትም እሱ ነው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ወንበር ከፊቷ ተቀምጣ ስትዘምር ትሰማታለች፤ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ጀርባዋን እያየች።

መብራቱ ጠፋ። ዴልፋ ሳታንኳኳ ገባች።

ኢሞጂን ዞር ብላ አየቻት። ትናንት የተለያዩ ይመስል፣ "ማን ሞተ?" አለች።

"እስካሁን ማንም።"

"ሰው እዚህ የሚመጣው ቀብር ሊያስነግር ነው ብዬ ነው።"

ዴልፋ የትራሱን ልብስ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። የሰኞውን ክር ከማይክሮፎኑ እግር ጀምራ በማሽኑ መዝጊያና መክፈቻዎች ላይ፣ በቡና ኩባያዋ ዙሪያ፣ እስከ ጠረጴዛው ጠርዝ አጋደመችው።

"ፎሶሊያ ያመጣሽልኝ መስሎኝ ነበር" አለች ኢሞጂን።

"ይሄ ሰኞ ነው። ቀዮቹ ሴቶች ናቸው።"

ኢሞጂን መነጽሯን አደረገች። ጣቷን በክሩ ላይ እያስሄደች ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ ቆጠረች። የመጀመሪያው ቀይ ላይ ስትደርስ ዘገየች። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷን አነሳች። ዴልፋ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

"ቡናማውስ?"

"ወንድና ሴት አንድ ላይ። ግማሽ ሰጥቼሻለሁ።"

"ቸር ነሽ።"

"ሰኞ ስልሳ ስምንት ዘፈን። ዘጠኝ ሴት። ማክሰኞ ስምንት፣ ረቡዕ ዘጠኝ። ሁለት ቀይ የተነካኩበት አንድም ቦታ የለም። በአጋጣሚ እንኳ። ሁለት ጣሳ ሙሉ ቁልፍ መሬት ላይ ብደፋው እንዲህ አይሰለፍም፣ ሰው እጁን ካላስገባበት።"

"ጊዜ ተርፎሻል፣ ዴልፋ።"

"ተርፎኛል። ፋብሪካው ተዘግቷል።"

ዘፈኑ ሊያልቅ ነበር። ኢሞጂን በእጇ ዝም አሰኘቻትና መብራቱን አበራች፤ የዘፋኙን ስም ጠራች፣ የጎማ ቤቱን ማስታወቂያ አስገባች፣ ሌላ ዘፈን ለቀቀች። ወንድ። ዴልፋ ከኪሷ ሰማያዊ ቁልፍ አውጥታ፣ ዓይን ዓይኗን እያየች፣ የዛሬው ክር ላይ ሰካችው።

"ደንብ ነው" አለች ኢሞጂን። "ሁለት ሴት አስከትለሽ አታጫውቺ። ሰው ጣቢያ ይቀይራል።"

"ማን አለ?"

"ቨርኖን። ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ይህን ወንበር ሲያስረክበኝ ነገረኝ።"

"ቨርኖን ሞቷል።"

"አውቃለሁ። የቀብሩን ማስታወቂያ ያነበብኩት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ የት ተጽፏል?"

"አልተጻፈም።"

"ካልተጻፈማ እኔም ላነበው እችላለሁ" አለች ዴልፋ። "ሞክረሽ ታውቂያለሽ? ሁለት አስከትለሽ ሰው ሲቀይር አይተሻል?"

"በአስራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዬ አንድም ቀን።" ኢሞጂን ይህን ከተናገረች በኋላ የራሷን ቃል የሰማችው ይመስል አፏን በእጇ ነካ አደረገች።

ዴልፋ አልራራችም። እንዲህ ዓይነቱን የፊት ለውጥ ታውቀዋለች፤ የፋብሪካው አለቃ ደመወዝ ሊቀንስ ሲል ያሳየው ነበር። "ደንቡ ለሁሉም ነው እንበል። የእኔን ልጅ ግን ለይተሽ ነው ያስቀረሻት። የማን የልጅ ልጅ እንደሆነች አታውቂም ልትዪኝ አይደለም መቼም።"

"አውቃለሁ። ስትዘፍንም ያንቺው ጉሮሮ ነው።" ኢሞጂን ወረቀት ከመሳቢያ አወጣች፤ የእያንዳንዱ ሰዓት ዝርዝር ነው፣ በእርሳስ ተሰርዞ ተጽፎ የቆሸሸ። "በሰዓት አንድ ሴት፤ ሳደላ ሁለት። አንዷ ከታዋቂዎቹ ዘፋኞች ናት፣ እሷን ካላጫወትኩ የጣቢያው ባለቤት ሌክሲንግተን ከተማ ሆኖ ይደውልልኛል። ሁለተኛዋን ቦታ ሌከን ይዛዋለች። ኬንድራን ሦስት ሳምንት ሙሉ ወዲያ ወዲህ አድርጌ አየሁ። ቦታ የለም። የእርሳሱን ስርዝ ተመልከቺ።"

ዴልፋ ወረቀቱን ተመለከተች። ፊደሉን ባታነበውም ስርዙን አየች። እውነትም ወረቀቱ ተፍቆ ተፍቆ አንድ ቦታ ላይ ተቀዷል። እንዲህ ያለ ወረቀት ግን ሰው አስቦበት ሊያዘጋጅም ይችላል።

"አጎቷ መኪና ሻጩ?"

"የእሱ ማስታወቂያ ሌከን ሳትወለድ ጀምሮ አለ።" ኢሞጂን እርሳሷን አነሳች። "እሺ ዴልፋ፣ እንጨርሰው። አውጪያት በዪኝና ሌከንን ላውጣት። አሁን፣ እዚሁ ፊትሽ። ስሟን ልሰርዝና የኬንድራን ልጻፍ። ከአስር ደቂቃ በኋላ ትሰሚያታለሽ። ለዚህ አይደል የመጣሽው?"

ለዚህ ነበር የመጣችው። መንገዱን ሙሉ አፏ ላይ ያለው ቃል ይሄው ነበር። ዴልፋ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን ወደኋላ ቀረ። ጠዋት ከኬንድራ አፍ የሰማችው ነገር የት እንደነበር ድንገት አስታወሰች። የራሷ አፍ ውስጥ ነበር። የዛሬ ሃምሳ ስድስት ዓመት፣ በከተማው ሲኒማ ቤት ጓሮ፣ የወንድሟን ባንጆ፣ ያን ጊታር መሰል መሣሪያ፣ ታቅፋ፣ ለእናቷ ያለችው ነው። ኢሞጂን ቦታዬን ወሰደችብኝ።

ያኔ የቅዳሜው የዘፈን ትርኢት ከዚያ ሲኒማ ቤት በቀጥታ በራዲዮ ይተላለፍ ነበር። ዘጠኝ ወንድና አንዲት ሴት፤ ሁሌም አንዲት። ዴልፋና ኢሞጂን ያን ቅዳሜ አብረው ሄደው፣ ከአንድ ወንበር ተነስተው፣ ተራ በተራ ዘፍነው ለአንዷ ቦታ ተፈተኑ። አስተዋዋቂው ወጣቱ ቨርኖን ነበር።

"ያኔ" አለች ዴልፋ፣ "ቨርኖን ወጥቶ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'ኢሞጂን ሌላ ሴት ካለች እኔ አልዘፍንም ብላለች' አለኝ።"

"ለእኔ ደግሞ ዴልፋን ኩራት ይዟት ሄደች አለኝ።"

"ብለሽ ነበር?"

ራዲዮው ላይ ሰውዬው ስለ ፒክአፑና ስለ ውሻው መዝፈኑን ቀጥሏል።

"አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር" አለች ኢሞጂን። "ከሁለታችሁ ለአንዳችሁ ብቻ ነው ቦታ ያለን አለኝ። ያልኩትን አላስታውስም ብልሽ ታምኚኛለሽ?"

"አላምንሽም።"

"እኔም ራሴን አላምንም።"

ዴልፋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ይህችን ሴት ለመጥላት ይህን ሁሉ ዓመት ደክማለች፤ የድካሟን ያህል ልትሰድባት ይገባ ነበር። ነገር ግን ቨርኖን ያን ቀን መጀመሪያ እሷን ጠርቶ "ኢሞጂንን ላስወጣት?" ብሏት ቢሆን ኖሮ፣ ሰውዬው ሳይጨርስ እሺ ትለው እንደነበር ታውቃለች። ዛሬም ልትለው ነበር፣ አንድ እርምጃ ቀርቷት። ሌከንም አያት ትኖራት ይሆናል፤ ያቺም አያት ነገ በተራዋ የምትቆጥረው ነገር አታጣም።

"ሌከን ስንት ዓመቷ ነው?" አለች።

"ሃያ አንድ። ማታ ማታ ሆስፒታል ወለል ትጠርጋለች።"

"አጎቷ መኪና አይሰጣትም?"

"በአውቶቡስ ነው የምትሄደው።"

ዴልፋ ይህንንም ሙሉ ለሙሉ አላመነችም። ግማሹን አመነች፣ ግማሹን ሌላ ቀን ልታጣራው ለይታ አስቀመጠችው። ከዚያ እጇን ካፖርቷ ኪስ ከታ ቆፈረችና ሁለት ቀይ ቁልፎች አወጣች። አንደኛውን ጠረጴዛው ላይ፣ ከእርሳሱ ዝርዝር ላይ አስቀመጠችው። ሁለተኛውን ከጎኑ አድርጋ በጣቷ ገፋ ገፋ አደረገችው፤ ነካው።

ኢሞጂን ምን እንደተጠየቀች ገባት። ፊቷ ነጣ።

"ባለቤቱ ይሰማል" አለች። "ሰባ አምስት ዓመቴ ነው ዴልፋ። ከዚህ ወንበር ቢያስነሳኝ የምሄድበት የለኝም። ቤቴ ገብቼ ምን ልስማ?"

"ይደውል። ሰው ጣቢያ ሲቀይር ማን አየ በዪው። አንዲት አሮጊት ስልሳ ስምንት ዘፈን በመርፌ ቆጥራ ክሩን አምጥታብኛለች፣ እሑድ ለሰው ሁሉ ልታሳይ ነው በዪው። ስሜን ከፈለገ ንገሪው። የአባቴንም ጨምሪለት።"

"ኬንድራን ብቻ ላስገባ። እሱን ማንም አያየውም።"

"አይ። እሱን ቨርኖንም ያደርገው ነበር።"

ሰውዬው ፒክአፑን ዘፍኖ ሊጨርስ ነው። ኢሞጂን የቀረውን ደቂቃ ተመለከተች፤ ቀጥሎም በዝርዝሩ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ሁለት ቁልፎች። እርሳሷን ይዛለች፣ ወዴትም አላንቀሳቀሰችውም።

ዴልፋ መነጽር ሳታደርግ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አሳለፈች። የዛሬውን ክር ጫፍ በግራ እጇ ያዘች።

"አውጪያት አላልኩሽም" አለች። "ሌከንን ልቀቂያት፣ እሷን ተከትላ ኬንድራን። በመሃል ጎማ የለም፣ የአየር ሁኔታ የለም፣ ወንድም የለም። የሁለቱንም ስም ከነአባታቸው ጥሪ፣ ያን ቅዳሜ እኔን የጠራኝ እንዳልነበረ አስታውሺና። እኔ እዚሁ ተቀምጬ ሁለቱን ቀይ እሰካለሁ። በይ፣ መብራቱን አብሪና አጫውቺያቸው።"